ልጆቼን «ሳቁ!» ሳይል ላሳቀልኝ ፎቶ አንሺ

የጎንደር እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ጥቆማም አለኝ። ትናንሽ ልጆች ያላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በጥቅምት የቤተሰብ ፎቶ ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና አማቴ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መሃለኛው ሦስት፣ ትንሿ ገና መዳህ ጀምራለች። ማንም አላለቀሰም ብዬ አልዋሽም። ትንሿ አልቅሳለች። ግን ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልተጮኸበትም። እኔና ባለቤቴም ሳንኮራረፍ ቤታችን ገባን። ፎቶ ተነስተን ሳንኮራረፍ ስንመለስ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

የድሮውን ልንገራችሁ፣ ውስጤ ስላለ ይውጣልኝ። በመሃለኛው ልጄ ልደት የጠራነው ሰው ቀብዱን ተቀብሎ በሰዓቱ ሳይመጣ ቀረ። የደረሰው ልጁ ኬኩን ቆርሶ፣ ተጫውቶ፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነው። ይቅርታ እንኳ አላለም። «ቀስቅሱት» አለን! ቀሰቀስነው። የሆነውን ገምቱት። ከዚያ ፎቶውን ለመቀበል ስንት ጊዜ እንደደወልኩ እግዜር ይወቀው። አንዴ «መብራት የለም»፣ አንዴ «ኔትወርክ የለም»፣ አንዴ ስልኩ ዝግ ነው። በመጨረሻ ሲመጣስ? ጠይም ልጄን አንጥቶ፣ አንጥቶ፣ ፈረንጅ አድርጎ ሰጠኝ። «ኤዲት ነው እኮ፣ አሳመርኩልሽ» አለኝ። ልጄ መቼ አስቀየመኝና ነው የሚያሳምርልኝ?

ሌላ ቦታ ደግሞ ትልቋን ይዘናት ገባን። «ቀና በይ! ዝም በይ! አትንቀሳቀሺ! ሳቂ!» ዝም ብላ፣ ቀና ብላ፣ ሳትንቀሳቀስ እንዴት ነው የምትስቀው? ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራ ስታይ ትንፋሿን ይዛ ትቆም ነበር። የእነዚህን ሰዎች ስም አልጠራም። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። እነሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

ስለዚህ ባለቤቴ «አንድ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ልጅ አለ አሉ» ሲለኝ አላመንኩም። ደወልኩለት። መጀመሪያ ዋጋውን የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ልጆቹ የሚተኙት በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ገረመኝ። ቀጠለ። ሲርባቸው ምን ያደርጋሉ? ምን ይፈራሉ? ምን ጨዋታ ይወዳሉ? እንግዳ ሰው ሲያዩ ይቀርባሉ ወይስ ይሸሻሉ? የእኔን ፊት ሳያይ የልጆቼን ጠባይ ጨረሰ። ዋጋው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም እኔ ጠይቄ።

ከዚያ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ብዙ ያወራል፣ ይህን አልደብቅም። ግን እያንዳንዱ ነገር ጠቀመኝ። ዋናውን እነሆ፣ እሱን ባትጠሩት እንኳ ይጠቅማችኋል።

የትልቋን ፀጉር በዚያው ቀን እንዳላሠራት ነገረኝ። ሹሩባ አዲስ ሲሆን ግንባር ይወጥራል፣ ልጅ ያማታል፣ ያመማት ልጅ አትስቅም። ከሁለት ቀን በፊት ትሠራ አለኝ። አዲስ ጫማም ለፎቶ ቀን አይመረቅም፤ ወይ ቀደም ብሎ ይለመድ ወይ አሮጌው ይደረግ። ልብስ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንዳይሆን፣ የሚቀራረብ ቀለም ብቻ እንዲሆን መከረኝ። ትልልቅ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት አይሁን አለ፣ ዓይን እሱን ያነባል እንጂ ልጁን አያይም። ለትንሿ ሁለት ቅያሪ ያዙ አለ። ምግብ በልተው ይምጡ፣ ለመሃል ሙዝና ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ። ጁስና ቸኮሌት ከቤት አይውጡ። እርጥብ ሶፍት አይረሳ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነገረን። «ካልሳቃችሁ እንዲህ አደርጋችኋለሁ» የሚባል ነገር የለም። «ጎበዝ ከሆናችሁ ከረሜላ» የሚባልም የለም። ለልጆቹ «ፎቶ ልንነሳ ነው» ከማለት «ከእማማ ጋር ልንጫወት እየሄድን ነው» በሏቸው አለ። እውነቱን ነው፣ ያደረግነውም ያንኑ ነው።

ቦታው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ግንቡ ፊት መቆም ነበር የምፈልገው። የጎንደር ልጅ አይደለሁ? የዓለም ሕዝብ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለውን ፋሲል ግቢ ሊያይ ይመጣል፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ ከልጆቼ ጋር አንድ ፎቶ የለኝም። እሱ ግን «ግንቡ ልጆቹን ይውጣቸዋል» አለኝ። የአፄ ፋሲል ግንብ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። እሱን ሙሉውን ላግባ ካልኩ ትንሿ ልጄ ነጥብ ትሆናለች። ደግሞም ግቢው ሰፊ ነው፣ አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «እማማን ደረጃና ኮረብታ አናስወጣቸውም» አለ። አማቴን ገና አላያቸውም ነበር፣ ስለ ጉልበታቸው አንዴ ብቻ ነበር በስልክ ያነሳሁት።

ስለዚህ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሄድን፣ ጥምቀት ወደሚከበርበት። ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በባጃጅ ቶሎ ይደረሳል። ዛፎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ሥራቸው አጥሩን አቅፎ የያዘውን። ጥላ አለ፣ ሜዳ አለ። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ስለሆነ ያኔ ገንዳው ባዶ ነበር፣ ግን ጥልቅ ነው። እሱ ገና ስንደርስ ለባለቤቴ «ልጆቹ ከዚህ ዛፍ ወዲያ አያልፉም» ብሎ ድንበር አሳየው። ቀኑንም የመረጠው እሱ ነው፣ የሥራ ቀን። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ወረፋ ይሆናል አለ። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል ብሎ ብዙ አስረዳኝ። ግማሹ አልገባኝም። የትንሿ የቀን እንቅልፍ 9 ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ ስለነገርኩት ግን ሰዓቱ ለሁለቱም ተስማማ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መሃለኛው ልጄ እንግዳ አይወድም። ገና ካሜራውን ሲያይ ሮጦ አማቴ ነጠላ ውስጥ ገባ። ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። እግሩ ብቻ ይታያል። እኔ ደንግጬ «ና ውጣ!» ልል ስል ፎቶ አንሺው በእጁ አስቆመኝ። ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ልጄን አንዴም አልጠራውም፣ ወደሱም አላየም። ትልቋን «አኩኩሉ ትችያለሽ?» አላት። ሮጣ ዛፍ ሥር ተደበቀች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» አለ። እሷ «አልነጋም!» አለች። ዝም አለ ትንሽ። አሁንም «አኩኩሉ!» አለ።

ከነጠላው ውስጥ «አልነጋም!» የሚል ድምፅ ወጣ።

አማቴ ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! ልጄ ለካ ጨዋታው ውስጥ ገብቷል፣ ቀድሞም ተደብቆ ነበርና። ሦስተኛ ጊዜ «አኩኩሉ» ሲባል «ነጋ!» ብሎ ነጠላውን ገልጦ ብቅ አለ። ፀጉሩ ተንጨብርሮ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ከላይ አማቴ እየሳቁ። ካሜራው መቼ ወደ ዓይኑ እንደወጣ አላየሁም። ያ ፎቶ ነው ዛሬ ሳሎናችን ላይ የተሰቀለው።

እኛ በልጅነታችን ፎቶ እንዲህ አልነበረም። አባቴ ፒያሳ ይዞን ይወርዳል። ፊታችን ቅባት ይቀባል፣ ፀጉራችን በውሃ ይበጠራል። ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ። ባለፎቶው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ «እንዳትተነፍሱ!» ይላል። በዚያ ፎቶ ላይ እኔና ወንድሞቼ ፖሊስ ጣቢያ የተያዝን ሌቦች እንመስላለን። አባቴ ግን ሲወደው! ነፍሱን ይማረውና እንግዳ በመጣ ቁጥር ከግድግዳ እያወረደ ያሳይ ነበር። እሱ ይህን የአኩኩሉ ፎቶ ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ምናልባት «ለምን አልተበጠረም?» ይል ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አማቴ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ የፊት ጥርሳቸው ስለሌለ ያፍራሉ። በዚያ ፎቶ ላይ ግን አልሸፈኑም፣ ጊዜ አላገኙም። ፎቶ አንሺው ይህን አይቷል። ለኔ ሳያሳየኝ ካሜራውን ይዞ ወደሳቸው ሄደ፣ አጠገባቸው በርከክ አለና «እማማ፣ ይህን እዩት፤ ካልወደዱት አሁኑኑ ፊትዎ ላይ አጠፋዋለሁ» አላቸው። አማቴ ቆይተው አዩት። «ተወው ልጄ፣ እኔው ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በተነሱት ሁሉ አፋቸውን አልሸፈኑም።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ነው። «ላጥፋው?» ብሎ መጠየቅ ለሱ ምን ይጠቅመዋል? ከሥራው ሁሉ የበለጠውን ፎቶ ሊያጣ ነበር እኮ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ኋላ ነው «ይቅርታ» የሚለው። የልጆቻችንንም ፎቶ ለማስታወቂያ እንዲጠቀምበት ጠየቀን፣ ባለቤቴ «ይቅርብን» አለው። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም፣ «እሺ» አለ፣ አለቀ።

ፎቶዎቹ ባለው ቀን ደረሱኝ። አንዲት ቀን አላሳለፈም። ጠይሙ ልጄ ጠይም ነው። የትንሿ ጉንጭ ላይ የነበረው የወባ ትንኝ ንክሻ ብቻ ጠፍቷል፣ እሱንም አስፈቅዶኝ ነው። እና ሌላ ነገር ልጨምር። የአማቴ ስልክ ለመደወል ብቻ ነው፣ ፎቶ አይቀበልም። ያንን አስታውሶ ፎቶውን አሳጥቦ፣ በፍሬም አድርጎ እቤታቸው ድረስ ወሰደላቸው። እኔ ያወቅሁት እሳቸው ደውለው «ያ ልጅ መጣ፣ ቡና አፍልቼለት ጠጥቶ ሄደ» ሲሉኝ ነው። ሂሳቡን ልክፈል ቢሉትም አልተቀበለም። «እደግ ተመንደግ» ብለው መርቀውታል፣ እኔም አሜን ብያለሁ።

ዋጋው ርካሽ ነው አልልም። ከሌሎቹ ጨመር ይላል። ግን የከፈልኩበትን አግኝቻለሁ፣ በርካሽ ከፍዬ ካለቀስኩበት ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ስልክ አያነሳም፣ በጽሑፍ ላኩለት፣ ይመልሳል። ልጅ አለኝ የምትሉ፣ በተለይ ልጄ እንግዳ ይፈራል ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ እሱን ሞክሩት። አያቶችንም ይዛችሁ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ አያቶችን ይዛችሁ ሂዱ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ለገና ያሰባችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ተናገሩ፣ ቀኑ ቶሎ ይሞላል። ስትደውሉለት ግን የልጆቻችሁን የእንቅልፍ ሰዓት አጣርታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።