ጥቁር ላስቲክ ሰርዶን ያጠፋል ወይ? ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥቁር ላስቲክ ሰርዶን ያጠፋል። እንግጫን ግን አያጠፋም። ግቢያችሁን የያዘው ሰርዶ ከሆነ ላስቲኩን ግዙ። እንግጫ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ለእሱ የሚሻለውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ላስቲኩ የተለየ ዕቃ አይደለም። ቤት ሲሠራ ከወለል ኮንክሪት ሥር የሚነጠፈው ጥቁሩ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ከጥቅሉ ላይ በሜትር ቆርጠው ይሰጧችኋል። ስስና ወፍራም አለው። ስሱ ይረክሳል፣ ግን ጠጠር ሲነካው ይቀደዳል። ስትገዙ ወደ ፀሐይ ዘርጉና እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። የላስቲኩ ሥራ ብርሃን መከልከል ነው፤ ሌላ ምንም አይሠራም።

ግቢያችን እዚያው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው፤ ቀይ አፈር። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድ ሰርዶው ከአጥሩ ሥር ይነሳል። ጎመኑን ይይዛል፣ ቃሪያውን ያንቃል፣ ከዚያ ኮብልስቶኑ መሀል ይገባል። ሰርዶ መጥፎ ሣር ነው ማለቴ አይደለም። ለከብት ግሩም መኖ ነው። አህያ በተረቱ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው እኮ ስለምትወደው ነው። የጓሮ አትክልት መሀል ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ዶማ ነው። ለሰርዶ ዶማ ብቻውን አይሆንም። ሰርዶ ከመሬት በላይ የሚሳብ ሐረግ አለው። ከአፈር በታች ደግሞ ሥር የሚመስል ነጭ ግንድ አለው። ሁለቱም በየአንጓቸው ይበቅላሉ። አንዱን ግንድ አሥር ቦታ ስትቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ ካስቆፈራችሁ በኋላ ሣሩ በዝቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሰርዶን የሚጥለው ረሃብ ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ አይችልም። ብርሃን ሲያጣ ከሥሩ ያጠራቀመውን ምግብ አውጥቶ ቅጠል ለማብቀል ይታገላል። ያ ስንቅ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ታዲያ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በወር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ያነጠፍኩት ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥብ ነው። ሣሩን መጀመሪያ በማጭድ ዝቅ አድርጌ አጨድኩት። ከዚያ ዙሪያውን በአካፋ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ አወጣሁ። ይህን ቦይ እባካችሁ አትዝለሉት። ከላስቲኩ ውጭ ፀሐይ የሚያገኘው ሰርዶ ከውስጡ ጋር በሐረግና በግንድ የተያያዘ ነው፤ ካልቆረጣችሁት ውስጡን ከውጭ ይመግበዋል። የላስቲኩን ጠርዝ ቦዩ ውስጥ አስገብቼ በአፈር ቀበርኩት። መሀሉ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ጫንኩበት። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ያልተጫነ ላስቲክ ያነሳል።

ኅዳር ላይ ጫፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሣሩ ገርጥቶ፣ ቀጥኖ፣ ረዝሟል። ይህን ያየ ሰው አልሞተም ብሎ ሊያነሳው ይችላል። እንዳታነሱት፤ ስንቁን እየጨረሰ መሆኑ ነው። ጥር ላይ ቅጠሉ ጠፍቷል። ከአፈር በታች ያለውን ግንድ ሰብሬ ሳየው ግን ውስጡ ነጭ ነበር፣ ቀጭ ብሎም ይሰበራል። ሕያው ነው ማለት ነው። መጋቢት ላይ ያወጣሁት ግንድ ቡናማ ሆኗል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። ላስቲኩን መቼ ላንሳ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። ቅጠሉን አትመኑ፤ ግንዱን ስበሩ።

ሚያዝያ ላይ አነሳሁት። ወዲያው አልተከልኩበትም። መደቡን ውሃ አጠጥቼ ጥቂት ሰነበትኩ። የተረፈ ካለ ያኔ ራሱን ያሳያል። አልፎ አልፎ ብቅ ያለውን ከነሥሩ በእጅ ነቀልኩት። አፈሩ ስለለሰለሰ ግንዱ ሳይበጠስ ይወጣል። ከዚያ ስኳር ድንች ተከልኩበት። ስኳር ድንችና ዱባ ቅጠላቸው መሬቱን ስለሚሸፍን ለሰርዶ ፀሐይ አይተዉለትም።

ይኸው ክረምቱ አልፎ መስከረም ገባ። የመደቡ መሀል ንጹሕ ነው። በጎረቤት አጥር በኩል ያለው ጠርዝ ግን ተመልሷል፤ ሐረጉ በአጥሩ ሥር እየተሳበ ይገባል። ላስቲክ የሚያጸዳው የተነጠፈበትን ቦታ ነው፤ ድንበር አይጠብቅም። በዝናቡ ወቅት በየሳምንቱ ጠርዙን በአካፋ መቁረጥ የግድ ነው።

እንግጫው ጋ ልምጣ። በጎጃም ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች በዘፈን የሚነቅሉት እንግጫ የሚወደድ ነገር ነው። ጓሮ ውስጥ የማወራው ግን ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነውን፣ ከሥሩ ሽንብራ የምታክል ወይም ከዚያ የምትበልጥ ኮረት (ምግብ የሚያጠራቅምበት እብጠት) የሚይዘውን ነው። ኮረቶቹ ከአፈር በታች በሰንሰለት ተያይዘዋል። ቅጠሉን ስትነቅሉ ኮረቱ እዚያው ይቀራል። ቡቃያው ሹል ነው፣ ላስቲኩን ወግቶ ይወጣል። እኔ ጋ አንዱ ጥግ እንዲህ ተበሳሳ። በቀዳዳው ብርሃን ሲገባ ሰርዶውም ነፍስ ዘራ።

እንግጫን የሚጎዳው ድርቀት ነው። እዚህ ደግሞ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። ያን ጥግ ከጥር ጀምሮ በዶማ እየገለበጥኩ ኮረቶቹን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ደርቆ የተጨማደደ ኮረት አይበቅልም። አንዴ ቆፍሮ መተው ግን ጉዳት አለው፤ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ ተኝተው የነበሩት ኮረቶችም ይነቃሉ። መደጋገም ያስፈልጋል፣ ውሃም ማጠጣት የለባችሁም።

ግልጽ ላስቲክንም በአንድ ትንሽ መደብ ላይ ሞክሬዋለሁ። አሠራሩ ሌላ ነው፤ የሚገድለው በሙቀት ነው። የእስራኤል ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ዘዴ ነው። አፈሩን አጠጥታችሁ፣ ፀሐይ በሚበረታበት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጥብቅ አድርጋችሁ ትሸፍኑታላችሁ። ከዘር የሚበቅለው አረም ድራሹ ጠፋ። እንግጫው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከላስቲኩ ሥር ብርሃን ስላለ ቡቃያው ቅጠሉን እዚያው ይዘረጋል፣ አይወጋም፣ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። ጥልቅ ያለው ኮረት ግን ሙቀቱ አይደርሰውም።

የአረም መድኃኒት ለምን አልተረጨም የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ግላይፎሴት፣ ብዙዎች ራውንድአፕ የሚሉት፣ ሰርዶን ይገድላል። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሲረጭ እስከ ሥር ይወርዳል። በጭቃማ ውሃ ከተበጠበጠ ይዳከማል፣ አፈር ይይዘዋልና። ቱፎርዲ የሚባለው ሌላው የአረም መድኃኒት ግን ቅጠለ ሰፊውን እንጂ ሰርዶን አይነካም። ነፋስ ከወሰደው ደግሞ ቲማቲምና ፓፓያ ያበላሻል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው በሚገመቱት ምድብ አስገብቶታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን በዚህ አይስማማም። እኔን የወሰነኝ ክርክሩ አይደለም። ግቢው ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ውሃ አለን፣ ዶሮዎች አሉ፣ ጎርፋችን ወደ ጣና ነው የሚወርደው። ቅጠል ላይ እንዲይዝ ከመድኃኒቱ ጋር የሚደባለቁ አንዳንድ ማጣበቂያዎች ዓሣና እንቁራሪት ይጎዳሉ። ጣና በእንቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል። የምትረጩ ካላችሁም በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ስሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት ፈጽሞ አትግዙ። ቤት ውስጥ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

ጨውና የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱም አሉ። አረሙ ይሞታል፣ አፈሩም አብሮ ይሞታል። ለኮብልስቶን መሀል ለጋ አረም የፈላ ውሃ ይበቃል።

የላስቲኩ ክፉ ጎን ምንድነው? ትልቁ ወባ ነው። ላስቲኩ ጎድጎድ ካለ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ባሕር ዳር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ አንሱት። ሁለተኛ፣ ዝናቡ አፈር ውስጥ ስለማይገባ ወደ ቤት ግድግዳ እንዳይፈስ ተዳፋቱን እዩ። የማንጎና የአቮካዶ ግንድ ሥር አታንጥፉት፤ ሥራቸው ውሃና አየር ያጣል። ስታነሱትም በእጅ ሳይሆን በእንጨት ግለጡት፤ እባብ ሊኖር ይችላል።

ፀሐይም ትበላዋለች። ጥቁሩ ከግልጹ ይሻላል፤ ግልጹ በአንድ በጋ ተሰባብሮ ብጥስጣሹን ከአፈር መልቀም ነበረብኝ። ጥቁሩ እጥፋቱ ላይ ትንሽ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነው። አጥቤ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጥቅምት ላይ ከኩሽናው ጀርባ አነጥፈዋለሁ። እዚያ እንግጫ አለመኖሩን ቆፍሬ አይቻለሁ፤ ያለው ሰርዶ ብቻ ነው።