"መብራትና ውሃ በጋራ ነው" ከተባላችሁ ቀብድ አትስጡ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ቤት ለምትፈልጉ፣ በተለይ ከሌላ ከተማ ለሥራ ለምትመጡ፣ እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳትገቡ ነው ይህን የምጽፈው።

ደላላው "ኪራዩ ርካሽ ነው፣ መብራትና ውሃ በጋራ ትካፈላላችሁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ቀብድ ሰጠሁ። ግቢው ውስጥ አምስት ክፍል ተከራይቷል፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። እኔ ያለኝ አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነው። የማበስለውም በቡታጋዝ ነው። በመጀመሪያው ወር 180 ብር ተጠየቅኩ፣ ከፈልኩ። በሦስተኛው ወር 420 ሆነ።

ምክንያቱን ያገኘሁት በእንጀራ ሽታ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነቃሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት ይከብዳል። ግን ከጓሮ የእንጀራ ሽታ ሲመጣ ወጣሁ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ግሏል። እንጀራው ለሱቅ የሚሄድ ነው፣ በፌስታል እየታሰረ ነበር። ግድግዳው ላይ የቆጣሪው ቀይ መብራት ያለ ፋታ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሂሳቡን እንየው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የኔ ባለ 10 ዋት አምፖል ያንን ለመጨረስ 350 ሰዓት ያስፈልገዋል። ማታ ማታ አምስት ሰዓት ባበራው 70 ቀን ማለት ነው። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሹ ነው፣ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ የጋራ ቆጣሪ ላይ ብቻችሁን ብትሆኑ የማትደርሱበት እርከን ውስጥ ትገባላችሁ።

አከራይዋን "እትዬ፣ እስቲ ቢሉን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ ልዋሽሽ?" አሉኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መብራት ተቆረጠ። የሁለት ወር ቢል ሳይከፈል ቀርቷል፤ እኛ ግን ድርሻችንን በየወሩ ሰጥተናል። አራት ቀን በሻማ ከረምን። ከጎኔ ያለችው እናት የሕፃኗን ወተት የምታሞቀው በኔ ቡታጋዝ ነበር።

ውሃውም ያው ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፣ የሚከፍለው ተከራይ ነው።

በጋራ መክፈል በራሱ ክፉ አይደለም። አሁን ያለሁበት ግቢም ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ግን በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ገብቷል። ወር ሲያልቅ ሁላችንም ባለንበት ይነበባል፣ ቢሉ ይታያል፣ እንደ አጠቃቀማችን እንከፍላለን። ይህ ከሌለ ቢያንስ ቢሉ በየወሩ እንደሚታይና ለንግድ የሚውለው መብራት ለብቻው እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለው ችግር ሲመጣ አይገኝም። የገባችሁ ቀን ደግሞ የቆጣሪውን ንባብ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ያለፈው ሰው ዕዳ እንዳይመጣባችሁ።

ያ ክፍል አሁንም ደላሎች እጅ ላይ ነው። ጠባሴ ውስጥ ርካሽ ክፍል ካሳዩዋችሁ መጀመሪያ የጓሮውን ማዕድ ቤት አስከፍታችሁ እዩ።