ወደማላውቀው ክፍል የላከኝ ኤጀንሲ

6 ዓመት የሠራሁት ሜድ ሰርጅ (አጠቃላይ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና በሽተኞች ክፍል) ነው። የመጀመሪያ የትራቭል ነርስ (በኤጀንሲ በኩል ለአጭር ጊዜ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚሠራ ነርስ) ኮንትራቴን የፈረምኩት ግን ቴሌሜትሪ፣ የበሽተኞች ልብ በሞኒተር የሚታይበት ክፍል፣ ነበር። ካሊፎርኒያ፣ 13 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ 12 12 ሰዓት።

ኤጀንሲው በወረቀት ሥራ ጎበዝ ነው። ካሊፎርኒያ የኮምፓክት ላይሰንሱ (በአንድ የነርስ ፈቃድ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚያሠራው ስምምነት) ውስጥ የለችም፤ የራሷን ፈቃድ ትፈልጋለች። ማመልከቻውን፣ አሻራውን፣ የክትባት ማስረጃውን እየተከታተሉ አስጨረሱኝ። ደሞዝም አንድ ሳምንት አልዘገየብኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሪክሩተሩን (ኤጀንሲው ውስጥ ከሥራው ያገናኘኝን ሰው) «የልብ ሪትም ማንበብ አልለመድኩም» ብዬዋለሁ። የክህሎት ቅጹ ላይም የልብ መድኃኒት ድሪፕ (በፓምፕ በደም ሥር ቀስ እያለ የሚገባ መድኃኒት) የሚለው ጋ «ልምድ የለኝም» ብዬ ሞልቻለሁ። «አይዞሽ፣ ያው ሜድ ሰርጅ ነው፤ ሞኒተር ነው የተጨመረበት» አለኝ። አመንኩት።

ኦረንቴሽኑ፣ ከክፍሉ ጋር ማለማመጃው፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። በማግስቱ 4 በሽተኛ ተሰጠኝ። በካሊፎርኒያ ሕግ ለቴሌሜትሪ ነርስ ጣሪያው እሱ ነው። ቁጥሩ አላስጨነቀኝም፤ 5 ይዤ አድሬ አውቃለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን የአንድ አዛውንት ሞኒተር ጮኸ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የተዛባ የልብ ምት)፣ ምቱ በደቂቃ 150። ሐኪሙ የልብ ምት የሚቀንሰውን ዲልቲያዜም በድሪፕ አዘዘ። አንድም ቀን ሰቅዬው አላውቅም። ፓምፑ ፊት ቆሜ እጄ በረዶ ሆነ። ቻርጅ ነርሷን (የሌሊቱን ኃላፊ ነርስ) ጠርቼ «ይሄን ብቻዬን አልነካም» አልኳት። ምንም አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። መጠኑን ሁለታችንም አየነው። የደም ግፊታቸው እንዳይወርድ ቶሎ ቶሎ እየለካን ቆየን። ሊነጋጋ ሲል ምታቸው 90ዎቹ ውስጥ ገባ። ያኔ ነው ውኃ የጠጣሁት።

ጠዋት ሪክሩተሩ ጋ ደውዬ ተጨማሪ ኦረንቴሽን ጠየቅኩ። «ኮንትራቱ ላይ የለም» አለኝ። አለቀስኩ። ኋላ ኤጀንሲው ውስጥ የክሊኒክ ጉዳይ የምትከታተል ነርስ እንዳለች ሰማሁና እሷን አገናኙኝ አልኩ። ነገሩ ወዲያው ገባት። በዚያው ቀን ሆስፒታሉን አነጋግራ ሁለት የኦረንቴሽን ሽፍት አስጨመረችልኝ። ታዲያ ከመፈረሜ በፊት ለምን አላገናኙኝም? እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በለመዳችሁት ክፍል የምትሄዱ ከሆነ ከእነሱ ጋር ሥሩ፤ አይቆጫችሁም። ክፍል የምትቀይሩ ከሆነ ግን መጀመሪያ የኤጀንሲውን ነርስ አናግሩ። የኦረንቴሽኑ ሽፍት ስንት እንደሆነና የትኛውን ድሪፕ እንደማትይዙ ኮንትራቱ ላይ ሳይሰፍር እንዳትፈርሙ። በስልክ የተባለ ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አይገኝም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። አንዱ የነርሷ ነው።