አንድ ባለ 16 ወይስ ሁለት ባለ 8? ለላፕቶፕ ራም ገዢዎች

ደሴ ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ «ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል» ብትሉ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «አብሽር ወንድሜ፣ ራም ጨምርበት» ነው። ራም ላፕቶፑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። «ስንት ጂቢ?» ከሚለው ባልተናነሰ «በስንት ፍሬ?» (በስንት የራም ቁራጭ?) የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ። ተማሪውም ቢሮውም የሚገዛቸው ያገለገሉ ኤሊትቡኮች፣ ላቲቲዩዶችና ቲንክፓዶች ደግሞ አብዛኞቹ የላቸውም።

እንዲህ ባለ ላፕቶፕ ላይ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ዊንዶውስ እስከ ግማሽ ድረስ ይፈቅድለታል፦ ራሙ 4 ጂቢ ከሆነ 2 ገደማ፣ 8 ከሆነ 4 ገደማ። ራም ሲጨመር የግራፊክሱም ድርሻ አብሮ ያድጋል፤ ቀድሞ አልከፈት ያለ ፕሮግራም ሊከፈት ይችላል። ድርሻው አደገ ማለት ግን ፈጠነ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የፍሬው ቁጥር ይመጣል። ዲዲአር4 ከሚባለው የራም ዓይነት ባለ 2400 ፍጥነቱ አንድ ፍሬ ብቻውን በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጂቢ ያሳልፋል፤ ሁለት ሆነው በዱዋል ቻናል (በሁለት መስመር) ሲሠሩ 38.4 ይደርሳሉ። በቀደመው ዓይነት፣ ባለ 1600 ዲዲአር3 ላይ ከ12.8 ወደ 25.6 ነው። አንድ ባለ 16 መግዛት ጓዳውን ማስፋት ነው፤ በሩ ግን ያው አንድ ነው። የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ራሱ ነገሩን ምን ያህል እንደሚያከብደው ለማየት 11ኛ ትውልድ ላፕቶፖችን ተመልከቱ፦ ፕሮሰሰሩ አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስ ያለው ቢሆንም ራሙ በአንድ ቻናል ብቻ ከሠራ ስሙ ዩኤችዲ ወደሚባለው ደከም ያለ ግራፊክስ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ሁለት ፍሬ ይግዛ? አይደለም።

ወርድ፣ ኤክሴልና ቴሌግራም ለሚጠቀም ቢሮ አንድ ባለ 8 እና ሁለት ባለ 4 ልዩነታቸው አይታይም። እንዲያውም ላፕቶፑ ውስጥ አሁንም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለ ብሩን መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ አውሉት። ለመለየት ቀላል ነው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና በሥራ መሀል እዩት። ሜሞሪው 50 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተቸነከረ ራም አያድናችሁም። ሜሞሪው ከ90 በላይ ሞልቶ ዲስኩም ከጮኸ ግን ዊንዶውስ ራም ስላነሰው ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመ ነው፤ ያኔ ራም መጨመር ሁለቱንም ያቃልላል።

የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው መጠኑ ይቀድማል። አዶቤ ለቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ቢያንስ 8 ጂቢ ይላል፤ ለኤችዲ ሥራ የሚመክረው 16፣ ለ4ኬ ደግሞ 32 ነው። ከ8 ወደ 16 ሲወጣ የቅድመ ዕይታው መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ኤክስፖርት ግን በዋናነት የፕሮሰሰሩና የግራፊክሱ ጉዳይ ነው፤ «ራም ጨምር፣ ሰርጉ በግማሽ ሰዓት ይወጣልሃል» ያላችሁን አትመኑ።

ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የሚማር የሲቪል ወይም የአርክቴክቸር ተማሪ በአውቶካድ ባለ ሁለት ገጽታ ፕላን ብቻ ከሠራ 8 ጂቢ ያስኬደዋል። ባለ ሦስት ገጽታ የሕንፃ መንደፊያው ሬቪት የቅርብ ዓመታት እትሙ ግን ከ16 አይወርድም፤ ለእሱ ሁለት ባለ 8 ነው ምርጫዬ። ሞዴሉን ስታሽከረክሩት የሚሠራው ግራፊክሱ ስለሆነ ሁለተኛው ፍሬ ሥራ አይፈታም። ጌም ተጫዋቹ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልዩነቱን የሚያየው ነው፤ በተለይ የኤኤምዲ ቬጋ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ሁለተኛ ፍሬ ሲያገኝ ሌላ ማሽን ይመስላል። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ የራሱ ሜሞሪ ስላለው ይህ ሁሉ ጭንቀት ብዙም አይመለከተውም።

ብር ላጠራቸው መካከለኛ መንገድ አለ። ውስጡ ያለውን 4 ሳትጥሉ ባለ 8 ጨምሩበት። ብዙ የኢንቴል ማሽኖች የመጀመሪያውን 8 ጂቢ (ከየፍሬው 4) በሁለት ቻናል፣ የቀረውን 4 በአንድ ያሠሩታል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በቀርፋፋው ይሄዳሉ፤ ጉዳት ግን የለውም። እኔ ብሆን አንድ ባለ 16 የምገዛው ወደፊት ሁለተኛውን ለመጨመር ካሰብኩ ብቻ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ፤ ከስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) ስንቱ እንደተያዘ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ኤሊትቡክ 840 ጂ1 እና ጂ3 ሁለቱም ሁለት ስሎት አላቸው፤ ግን ጂ1 ዲዲአር3ኤል፣ ጂ3 ዲዲአር4 ነው የሚቀበለው። ቲንክፓድ ኤክስ240 አንድ ስሎት ብቻ ስላለው ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ኤክስ1 ካርቦን ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ስትገዙት ያለው ነው ያለው። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም፤ ራም ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ወደ 64 ቀይሩ።

ሱቅ ስትገቡ የራሙን ተለጣፊ ራሳችሁ አንብቡ። ፒሲ3ኤል የሚለው በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል ነው፤ «ኤል»ዋ የሌለችበት ባለ 1.5 ቮልት ብዙ የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ላፕቶፖችን አያስነሳም። ፒሲ4 የሚለው ዲዲአር4 ነው፤ ጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለይ በዲዲአር3 ስሎት አይገባም፣ በግድ አታስገቡት። ያገለገለ ራም እንደ ሃርድ ዲስክ ስለማያልቅ አያስፈራም። በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ የተወደደው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ዳታ ማዕከላት ምርቱን ስለተሻሙት ነው፤ አሮጌ ፍሬያችሁን ሳትሸጡ አትጣሉ።

ሲገጠም ባትሪው መነቀሉን እዩ። የደሴ ብርድ ደረቅ ሲሆን ከናይለን ሹራብ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለራም አይበጅም፤ ባለሙያው መጀመሪያ ብረት ይንካ። ፍሬው ዘንበል ብሎ ይገባል፣ ወደ ታች ሲጫኑት የግራና የቀኙ መያዣ «ቀጭ» ይላል፤ የወርቅማው ጥርስ ጫፍ ብዙ ከታየ አልገባም ማለት ነው። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ታስክ ማናጀሩን እዚያው አስከፍቱ፦ ጂቢው ሙሉ መሆኑን፣ ፍጥነቱ የተነገራችሁ መሆኑን፣ ሁለቱም ስሎት መያዛቸውን አረጋግጡ። ካልተስማማ እንዲቀይርላችሁም በደረሰኙ ላይ አስጽፉት።