ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ፦ በገመድና በጠመኔ የተደረገ ጉብኝት

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ስለ ውበትና ስለ ሒሳብ የሚያወራ የቅዳሜ የእግር ጉብኝት እንዳለ ስሰማ ጊዜ አላጠፋሁም፤ ወዲያው ተመዘገብኩ። የእህቴን ልጅም ይዣት ሄድኩ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጂኦሜትሪ ሲባል ፊቷ ይጠቁራል። ለአዋቂ 600፣ ለተማሪ 300 ብር ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

አስጎብኚው ወጣት አርክቴክት ነው፤ በዚያ ላይ ዲያቆን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕንፃ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ መቅደሱ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ደግሞ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ብዙም አይነግራችሁም። ይህ ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ ተገናኘን። ታሪኩን በአጭሩ ነው የነገረን። ታቦቱ አድዋ ዘምቷል፤ ሕንፃው ከ1888ቱ ድል በኋላ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ተሠራ፤ ንድፉ የጣሊያናዊው የሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እዚሁ ነገሡ። በወረራው ዘመን፣ በ1929፣ ተቃጥሎ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ገቡበት። ይህንን ሌላ ቦታም ልታነቡት ትችላላችሁ። ገንዘቤን የከፈልኩት ለሚቀጥለው ነው።

«ሕንፃውን ዙሩና ጎኖቹን ቁጠሩ» አለን። ዞርን። ስምንት።

ከዚያ ከግቢው ወጥተን አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆምን። ከቦርሳው ጠመኔና ገመድ አወጣ። መጀመሪያ አራት ጎኑ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን አሰመረ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር ሲያሻግር መሐሉ ተገኘ። የገመዱን አንድ ጫፍ ለእህቴ ልጅ ሰጣትና ማዕዘኑ ላይ ተጭና እንድትይዝ አደረገ። ሌላውን ጫፍ እስከ መሐሉ ድረስ ወጠረው። ያንን ርዝመት ሳይለቅ ገመዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረና ጎኖቹን የሚነካበት ላይ ምልክት አደረገ። በአራቱም ማዕዘን እንዲሁ። ስምንት ምልክት ሆነ። በየማዕዘኑ አጠገብ ያሉትን ምልክቶች እያገናኘ ማዕዘኖቹን ሲቆርጣቸው ጎኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ስምንት ማዕዘን ወጣ።

ሜትር የለ፣ ካልኩሌተር የለ። የአራት ማዕዘኑ ጎን አንድ ሜትር ቢሆን የስምንት ማዕዘኑ ጎን 41.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የሁለት ስኩዌር ሩት ሲቀነስ አንድ ማለት ነው። ስኩዌር ሩቱን በአስርዮሽ ጽፈህ አትጨርሰውም። ገመድ ግን ያገኘዋል። ይህንን ነገር ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ በእጅ ሲሠራ ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ገመዱን አልለቅም አለች። «ቲቸር፣ ይህቺን ልጅ ለኔ ተያት» አለ አስጎብኚው እየሳቀ። ሲጨርስ የጠመኔውን ምልክት በውኃ አጠበው። ደስ የሚል ጨዋነት ነው።

ለምን ስምንት? የመለሰው ከመጽሐፍ ነው። በኖኅ መርከብ የዳኑት ስምንት ነፍስ ናቸው፤ ጴጥሮስም ያንን ከጥምቀት ጋር ያያይዘዋል። ጌታ የተነሣው ከሰባተኛው ቀን ማግስት ነው፤ አበው ስምንተኛው ቀን ይሉታል፣ የአዲሱ ዓለም ቀን። በአራተኛው መቶ ዘመን ሚላን ላይ፣ በቅዱስ አምብሮስዮስ ዘመን፣ የጥምቀት ቤት በስምንት ማዕዘን የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ጊዮርጊስን የነደፈው ሰው ይህንን አስቦ ነው ብሎ ግን አልደመደመም። ይህ ጥንቃቄው ደስ አለኝ።

ያው ጥንቃቄ ወርቃማው ምጣኔ (ለዓይን ያምራል የሚባለው የርዝመትና የወርድ ምጥጥን) ላይ ሲደርስ ጠፋ። ቅር ያለኝም እዚህ ነው። የቃል ኪዳኑ ታቦት ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል ነው፤ ዘፀአት 25 ላይ ተጽፏል። ልጁ «እግዚአብሔር በወርቃማው ምጣኔ አሠራው» አለን። አልተስማማሁም፤ እዚያው ነገርኩት። ሁለት ተኩል ለአንድ ተኩል ሲካፈል 1.667 ይሆናል። ወርቃማው ምጣኔ 1.618 ነው። ሦስት በመቶ ገደማ ልዩነት አለው። ይቀራረባሉ ማለት ይቻላል፤ ያው ናቸው ማለት ግን አይቻልም። የታቦቱ ምጣኔ አምስት ለሦስት ነው፤ ይህ ራሱ የሚያምር፣ በክንድ ለመለካት የሚመች ንጹሕ ቁጥር ነው። ለምን ወርቃማውን ምጣኔ ከጥንቱ የግሪክ ጂኦሜትሪ ሊቅ ከኤውክሊድ አምጥተን እንደርብበት? ሰው «አቤት!» እንዲል ብለን እውነት ያልሆነ ቁጥር ለእግዚአብሔር ቤት ማቅረብ አይገባንም። በመጽሐፈ ጥበብ እግዚአብሔር ሁሉን በመስፈሪያ፣ በቁጥርና በሚዛን እንደሠራ ተነግሯል። በሚዛን ከሆነ ደግሞ ሦስት በመቶም ይቆጠራል። በትሕትና ሰማኝ፤ «ቲቸር፣ አስተካክለዋለሁ» አለ። ከእኔ በኋላ የምትሄዱ ካስተካከለው ንገሩኝ።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ሌላው ድክመት ነው። ምኒልክ አደባባይ ፈረሰኛው ሐውልት ሥር ቆሞ ሲያስረዳ ከመኪናው ጩኸት የተነሳ ከኋላ ያለነው ምንም አልሰማንም። አሥራ ስምንት ሰው ለአንድ ድምፅ ይበዛል። ትንሽ ማይክ ቢይዝ ይገላገላል። የማኪያቶ እረፍቱም ከልክ በላይ ረዘመ።

ሥላሴ ካቴድራል ስንደርስ ነገሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። ስለ አፄው መቃብርና ስለ አርበኞቹ መካነ መቃብር ጥቂት ካለ በኋላ ዛፍ ሥር አስቀመጠንና ስለ መቅደስ ቅርፅ ማውራት ጀመረ። በክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ዙሪያውን ይከባሉ፤ መሐል ያለው መቅደስ ግን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ወረቀት አጥፎ ኩብ ሠራና እጃችን ላይ አስቀመጠው። የሰሎሞን ቤተ መቅደስ 60 ክንድ በ20 ክንድ፣ ከፍታው 30 ነበር። ከውስጥ ያለው ቅድስተ ቅዱሳን ግን 20 በ20 በ20 ነው። ኩብ ማለት ነው። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚገባበት።

«አሁን ራእይ 21ን አውጡ» አለ። ስልካችንን አወጣን። ከሰማይ የምትወርደው ከተማ ርዝመቷም ስፋቷም ከፍታዋም ትክክል ነው። ኩብ! ዮሐንስም በውስጧ መቅደስ አላየሁም ይላል። እኔ ይህንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱን ኩቦች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያሳየኝ ሰው ግን አልነበረም። አንድ ሰው በፍርሃት የሚገባባት ትንሽ ክፍል የሕዝብ ሁሉ ከተማ ሆናለች። ቅርፁ ያው፣ ልኩ ግን ሰፍቷል። እኛ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ቅርፆች ብለን የምናስተምረው ይህንን ነው። የእህቴ ልጅ «ታዲያ ስንት እጥፍ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ቅድስተ ቅዱሳኑ በክንድ፣ ከተማዋ ግን ምዕራፍ በሚባል ሌላ የርቀት መለኪያ ስለተለኩ አስጎብኚው ቁጥር ከመናገር ተቆጠበ። በዚህኛው ላይ ልክ ነበር።

ባስልኤልንም አነሳ። እግዚአብሔር መንፈሱን እንደሞላበት በስሙ ጠርቶ የተናገረለት፣ ወርቅና እንጨት የሚሠራ ባለሙያ። ለአርክቴክት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ሲናገረው ድምፁ ተለወጠ። ለእኔም ለሒሳብ አስተማሪዋ እንዲሁ። ልጆች ሥራቸውን ለክተው ሲያመጡልኝ የማየው ነገር ከጸሎት የራቀ ሆኖ አይታየኝም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱ የቀነሰው በወርቃማው ምጣኔና በድምፁ ነው።

ለምትሄዱ፦ ነጠላ ያዙ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። የጊዮርጊስ ሙዚየም ክፍያ ለብቻው ስለሆነ ጥሬ ብር ይኑራችሁ፤ የነገሥታቱን ልብስና ጥላዎቹን ሳታዩ አትመለሱ። ተማሪዎች የምታመጡ መምህራን ከአሥር ልጅ በላይ አታብዙ፤ ገመዱ ለሁሉም እንዲደርስም ሁለተኛ ገመድ እንዲይዝ ቀድማችሁ ንገሩት።