ኤክስዲባግ 3፦ አንዴ ከተገናኘ ግሩም፣ እስኪገናኝ ግን አድካሚ

ኮዱ ውስጥ ቫር ደምፕ (የቫሪያብልን ዋጋ የሚያትም ፈንክሽን) እየዘሩ ገጹን ደጋግሞ ማደስ ለሰለቸው የፒኤችፒ ፕሮግራመር ኤክስዲባግ እፎይታ ነው። ነጻ ነው፤ ከኮድ መጻፊያ ኤዲተሮቹ ከቪኤስ ኮድም ከፒኤችፒስቶርምም ጋር ይሠራል። በኤዲተሩ ውስጥ በሚፈልጉት የኮድ መስመር ላይ ቀይ ነጥብ (ብሬክፖይንት) አስቀምጠው ገጹን በብራውዘር ሲከፍቱ ፕሮግራሙ እዚያው ቀጥ ይላል፤ የቫሪያብሎቹ ዋጋና የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ ከጎን ይታያል።

ዊንዶውስ ላይ የሚጫነው ዲኤልኤል (የኤክስዲባግ ፋይል) ከፒኤችፒው ስሪትና ከትሬድ ሴፍነቱ (ፒኤችፒው ለብዙ ትሬድ መሠራት አለመሠራቱ) ጋር ካልገጠመ አይነሳም። የፒኤችፒኢንፎን (የፒኤችፒን ቅንብር የሚዘረዝር ፈንክሽን) ውጤት እንዳለ ገልብጦ በኤክስዲባግ ድረ ገጽ ላይ ያለው ዊዛርድ ውስጥ መለጠፍ ትክክለኛውን ፋይል ያሳውቃል። የኮማንድ ላይኑና የዌብ ሰርቨሩ የአፓቼ አይኤንአይ (የቅንብር) ፋይል የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የትኛው እየተነበበ እንደሆነም እዚያው ፒኤችፒኢንፎ ላይ ይታይ። የኤክስዲባግን ሞድ በዚያ ፋይል ውስጥ «ዲባግ» ማድረግና አፓቼን እንደገና ማስነሳትም ያስፈልጋል።

ራስ ምታቱ ግንኙነቱ ላይ ነው። ደዋዩ ፒኤችፒ ነው፤ ኤዲተሩ ተቀምጦ ጥሪ ይጠብቃል። ይህን የገለበጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ይለፋል። ፖርቱ ከስሪት 3 ጀምሮ 9003 ነው፤ የድሮው 9000 ከፒኤችፒ ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለዌብ ሰርቨር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጋር ይጋጭ ነበር። ድሮ የተጻፉ መመሪያዎች ግን ዛሬም 9000 ይላሉ።

ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ከባቢ ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ለኮንቴይነሩ «ሎካልሆስት» ማለት ራሱ ነው፤ ስለዚህ ክላየንት ሆስቱ (ኤክስዲባግ የሚደውልበት የኤዲተሩ አድራሻ) «ሆስት ዶት ዶከር ዶት ኢንተርናል» መባል አለበት፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይህ ስም እንዲሠራ በዶከሩ ቅንብር «ሆስት ጌትዌይ» መጨመር ያስፈልጋል። ተገናኝቶም ቀይ ነጥቡ ላይ ካልቆመ ተጠርጣሪው የፋይል አድራሻ ነው፦ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፎልደር ከዴስክቶፑ ፎልደር ጋር በኤዲተሩ ፓዝ ማፒንግ (የፎልደር ማዛመጃ) አልተዛመደም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮዱ ውስጥ የኤክስዲባግ ብሬክ ፈንክሽንን ይጥሩ፤ እዚያ ቆሞ ቀይ ነጥቡን ካለፈው ጥፋቱ የአድራሻው ነው። ምንም ካልቆመ የኤክስዲባግ ሎግ ፋይል በየትኛው አድራሻና ፖርት እንደሞከረ ይናገራል።

ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ከፊት ካለ፣ ፕሮግራሙ ቆሞ ኮድ ሲመረምሩ 60 ሰከንድ ሲሞላ 504 (መልሱ ዘገየ የሚል ስህተት) ይመጣል። ኤክስዲባግ የለበትም፤ መፍትሔው በኤንጂንኤክስ ቅንብር የፋስትሲጂአይ ሪድ ታይምአውቱን (ፒኤችፒን የሚጠብቅበትን ጊዜ) ከፍ ማድረግ ነው።

ኤክስዲባግ መቼ እንደሚጀምር የሚወስነውን «ስታርት ዊዝ ሪኩዌስት»ን «የስ» (ሁልጊዜ) ብሎ መተው አይመከርም፤ ሥራውን ያዘገያል። «ትሪገር» (ሲጠራ ብቻ) ይሁንና ኤክስዲባግን የሚጠራው የብራውዘር ኤክስቴንሽን ሲያስፈልግ ብቻ ይብራ።