የሙዚቃ ኮሌጅ ግምገማ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም

ቀጥታ ልናገር። ፒያኖ የተማርኩበት ኮሌጅ ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ስሙን አልጠራም። የምጽፈው እሱን ለማሞገስ ወይም ለማጥላላት ሳይሆን፣ አሁን ፎርም እየሞላችሁ ያላችሁ ልጆች ኮሌጅ ስትጎበኙ ምን ምኑን ማየት እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አስተማሪዎቹ ግሩም፣ የልምምድ ክፍሎቹ ደካማ፣ የጆሮ ትምህርቱ (ድምፅን በጆሮ ብቻ ሰምቶ መለየት) ከጠበቅኩት በላይ፣ ስለ ሥራ የሚያስተምሩት ደግሞ ከምንም የማይቆጠር።

ከአስተማሪ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሙዚቃ እንደ ሌላው ትምህርት አይደለም። ታሪክ ወይም ሒሳብ የሚማር ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ከመቶ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሊማር ይችላል። የሙዚቃ ተማሪ ግን በየሳምንቱ በር ተዘግቶ ከአንድ ሰው ጋር ለብቻው ይቀመጣል፤ ያ ሰው እጁን፣ ድምፁን፣ ጆሮውን፣ አንዳንዴም በራሱ ላይ ያለውን እምነት ሳይቀር ይቀርጸዋል። ስለዚህ እናንተ የምትመርጡት ሕንፃውን ሳይሆን ያንን ሰው ነው።

የእኔ አስተማሪ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ስጫወትላቸው የመረጥኩት ከባድ ነገር ነበር፤ ጣቶቼ ፈጣን መሆናቸውን ላሳያቸው ፈልጌ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ጣቶቼ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ «ከባዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሽህን ለምን ትይዛለህ?» አሉኝ። ያንኑ ቦታ እየተነፈስኩ ደግሜ ስጫወተው ትከሻዬ ወረደ፣ ድምፁ ተከፈተ። እንደዚህ ዓይነት ነገር በየትኛውም ብሮሹር ላይ አይጻፍም።

ታዲያ ከመመዝገባችሁ በፊት የሙከራ ትምህርት ጠይቁ። ብዙ አስተማሪዎች ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዱ በነፃ፣ አንዳንዱ በክፍያ፣ ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ በቪዲዮ። ኢሜይል ለመጻፍ አትፈሩ። በዚያ ሰዓት ውስጥ የምታዩት አስተማሪው ታዋቂ መሆኑን አይደለም፤ ሰምቷችኋል ወይ? የነገራችሁ ነገር ለእናንተ ብቻ የተባለ ነው ወይስ ለመጣው ሁሉ የሚናገረው? ስትወጡ ቶሎ ሄዳችሁ መሣሪያችሁን ማንሳት አሰኛችሁ ወይስ መቆለፍ? መልሱን እዚያው ታውቁታላችሁ።

ጥሩ አስተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የፈረንሳይዋ የሙዚቃ አስተማሪ የናዲያ ቡላንዤና የሙዚቃ ደራሲው የአስቶር ፒያዞላ ነገር ነው። ፒያዞላ በ1954 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ከአርጀንቲና ፓሪስ ድረስ ሄዶ ከእሷ ጋር ሲማር፣ የአገሩን የጭፈራ ሙዚቃ፣ ታንጎን፣ ተጫዋች መሆኑን ደብቆ የክላሲካል ድርሰቶቹን ነበር ያቀረበላት። እሷ ግን ድርሰቱ ውስጥ እሱን ራሱን አጣችው። በመጨረሻ ታንጎውን አስጫውታው፣ እውነተኛው ፒያዞላ እዚህ ጋ ነው፣ እንዳትተወው አለችው። ይህን ራሱ ፒያዞላ ነው ሲናገር የኖረው። ከእሷ ዘንድ ኩዊንሲ ጆንስም፣ ፊሊፕ ግላስም ተምረዋል፤ አንዳቸውም ግን ሌላውን አይመስሉም። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚጫወቱለት አስተማሪ ካያችሁ ሁለቴ አስቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዌብሳይቱ ላይ ፎቶው የተለጠፈው ታዋቂ ሰው በእርግጥ ያስተምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ኮንሰርት ላይ ነው፤ ብቅ ሲል ለአንድ ቀን ነው፤ ሳምንታዊውን ትምህርት የሚሰጠው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን አስቀድማችሁ ማወቅ መብታችሁ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «በየሳምንቱ የሚያስተምረኝ ማን ነው? ለስንት ደቂቃ?»

አሁን ወደ ልምምድ ክፍሎቹ። የኔ ኮሌጅ እዚህ ላይ ነው የወደቀው፤ እኔም እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው ያለኝ።

ጉብኝት ስትሄዱ የሚያሳዩዋችሁ የኮንሰርት አዳራሹን ነው። የሚያብረቀርቅ ትልቅ ግራንድ ፒያኖ፣ ለስላሳ ወንበር፣ ያማረ መብራት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በዓመት ስንቴ ትጫወታላችሁ? ጥቂት። ቀሪው ሕይወታችሁ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የእኛ ክፍሎች ግድግዳቸው ስስ ነበር፤ ቀስ ያለ ነገር ስለማመድ ከጎን ያለው ትራምፔት ነው የሚሰማኝ። ፒያኖዎቹ ደግሞ አሮጌ ቋሚ ፒያኖዎች ነበሩ። አንዱ ላይ የመካከለኛው ኦክታቭ ሬ ስትጫን ትቀርና በጣት ካላነሳሃት አትመለስም፤ ሌላው ላይ የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ይጮኻል፤ ሦስተኛው ላይ ቅኝቱ ከመውረዱ የተነሳ ከቫዮሊን ጋር መለማመድ አይቻልም ነበር። የተሻሉት ክፍሎች ጠዋት ገና በር ሲከፈት ይያዛሉ። የፈተና ሰሞን ተማሪው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ተራ ይጠብቃል።

ስለዚህ ጉብኝታችሁን የፈተና ሰሞን አድርጉት፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። አስጎብኚውን «የልምምድ ክፍሎቹን አሳየኝ» በሉት። ፒያኖ ተጫዋች ከሆናችሁ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ጫኑ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ቃኚው በዓመት ስንቴ እንደሚመጣ፣ ክፍሎቹ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ፣ ቅዳሜና እሁድ ይከፈቱ እንደሆነ ጠይቁ። ቫዮሊን፣ ቼሎ ወይም ክላርኔት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የክፍሉን እርጥበት አስቡበት፤ በጣም የደረቀ አየር እንጨት ይሰነጥቃል። መቆለፊያ ሣጥን እንዳለም እዩ። ኮንትራባስ በደረጃ ተሸክሞ መመላለስ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ ስብስቡ። ከማን ጋር ትጫወታላችሁ? ብዙ ልጆች ይህን ይረሱታል። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ጥሩ ኦርኬስትራና ኳርቴት ያስፈልገዋል። ሳክስፎን የሚጫወት ሰው ግን ኦርኬስትራው ምንም ያህል ቢያምር በመደበኛው ኦርኬስትራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ) አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ዘፋኝ ከሆናችሁ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተው የሚዘፍኑት እነማን እንደሆኑ እዩ፤ የማስተርስ ተማሪ የበዛበት ትልቅ ትምህርት ቤት ዋናውን ሚና ሁሉ ለእነሱ ሊሰጥ ይችላል፣ እናንተ አራት ዓመት ሙሉ ከኋላ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። የኔ ኮሌጅ መካከለኛ ስለነበር አጃቢ ፒያኒስት ያጥር ነበር፤ ለዘፋኞችም ለቫዮሊኒስቶችም እኛ ነበርን የምንጫወተው። ዛሬ እንጀራ የሆነኝ ያ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት አንዳንዴ ትልቅ ዕድል ይሰጣል።

አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ ኢንስቲትዩት የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ነገር ከሥሩ የተረዳ ይመስለኛል። በ1924 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ጀምሮ ትንሽ ሆኖ ነው የቆየው። የኦርኬስትራ ተማሪ የሚቀበለው ኦርኬስትራውን በሚሞላበት ቁጥር ልክ ነው፤ የኦቦ (የትንፋሽ መሣሪያ ነው) ቦታ ካልተለቀቀ ኦቦ ተጫዋች አይገባም። ደግሞም ከ1928 ጀምሮ ለተቀበለው ሁሉ ትምህርቱ በነፃ ነው። መግባቱ በጣም ከባድ ነው፤ አመለካከቱን ግን ለየትኛውም ኮሌጅ መለኪያ ልታደርጉት ትችላላችሁ፦ ይህ ቤት የሚቀበለኝ ስለሚያስፈልገኝና ስለማስፈልገው ነው ወይስ ወንበር ለመሙላት?

ስለ ዓይነቶቹ ቶሎ ልበል። ኮንሰርቫቶሪ የሚባለው ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ነው፤ የፓሪሱ ከ1795፣ የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ከ1822 ጀምሮ አሉ፣ ጁሊያርድ ደግሞ ከ1905። ሌላ ትምህርት ትንሽ ነው። ሙዚቃን ከሌላ ነገር ጋር ማጣመር የምትፈልጉ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሻላችኋል፤ ኢስትማን በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ኦበርሊን ደግሞ በአምስት ዓመት ሁለት ዲግሪ የሚያስይዝ ፕሮግራም አለው። ጃዝ፣ ድርሰት፣ ስቱዲዮ፣ የዘመኑ ሙዚቃ ካላችሁ ደግሞ እንደ በርክሊ ያሉት ናቸው የእናንተ ቤት፤ በ1945 ቦስተን ውስጥ የተከፈተው ራሱ ያንን ሙዚቃ ለማስተማር ነው። ሙላቱ አስታጥቄን አስቡ። መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ የሄደው ኢንጂነሪንግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሙዚቃ ተማረ፣ ከዚያ ደግሞ ጃዝ ፍለጋ ወደ በርክሊ ተሻገረ። የሚፈልገው ድምፅ ወዳለበት ነው የሄደው። በ2012 ያው በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ቲዎሪና የሙዚቃ ታሪክ የትም ቢሆን ብዙም አይለያይም። የጆሮ ትምህርት ግን ይለያያል። የኛ አስተማሪ ፒያኖ ላይ ሦስት ድምፅ ባንድ ላይ ይመታና መካከለኛዋን እንድንዘፍናት ያደርገን ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ክፍሉ በሙሉ የተለያየ ነገር ነበር የሚዘፍነው። ዛሬ አንድ ዘፈን ሰምቼ ኖታ ሳልጽፍ ከዘፋኝ ጋር መጫወት የምችለው ከዚያ ክፍል የተነሳ ነው። ከቻላችሁ አንድ የጆሮ ትምህርት ክፍል ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ።

ጤናን ማንም አያነሳም፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። በሥራ ቦታ ድምፅ ላይ የሚመከረው ገደብ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህ ማለት 100 ዴሲቤል ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከበሮ ሲመታ እዚያ መድረሱ አይገርምም። የሞተ የጆሮ ሴል ደግሞ አይመለስም። እጅም እንደዚያው። ሊዮን ፍላይሸርን የሚያህል ፒያኒስት በ1960ዎቹ የቀኝ እጁ ጣቶች አልታዘዝ ብለውት ለብዙ ዓመታት በግራ እጁ ብቻ ነበር የሚጫወተው፣ እያስተማረም ኖረ። ከኛ ተማሪዎች እጃቸውን አሞአቸው የደበቁ ብዙ ነበሩ፤ ምክንያቱም ሕመም መናገር እንደ ስንፍና ይታይ ነበር። ስለዚህ «ተማሪ እጁን ሲያመው ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚደነግጥ ሰው ካያችሁ፣ መልስ የላቸውም ማለት ነው።

ገንዘብ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ስኮላርሺፑ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው? ለመቀጠልስ ምን ያስፈልጋል? አንዳንድ ቦታ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ማባበያ ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይቀንስና ልጁ ጓደኛም አስተማሪም ካገኘ በኋላ መልቀቅ ያቅተዋል። በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሙዚቃ ዲግሪ ከባድ ዕዳ ውስጥ መግባትን እኔ አልመክርም፤ ሙዚቀኛ ገቢው አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ባዶ ነው፣ ዕዳ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

የሥራው ነገር ደግሞ የኮሌጄ ትልቁ ጉድለት ነው። ኮንትራት እንዴት እንደሚነበብ፣ የድርሰት መብት እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የግል ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ፣ አንድ ሰዓት ሥራ ስንት ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ፣ አንዱንም አልነገሩንም። ሁላችንም ሶሎይስት፣ መድረክ ላይ ብቻውን የሚደምቅ ተጫዋች፣ እንደምንሆን ነበር የምንሰለጥነው። እውነቱ ግን አብዛኛው ተመራቂ ከሚያስተምረው፣ ከሚያጅበው፣ ከሚቀርጸውና ከሚጫወተው አንድ ላይ ለቃቅሞ ነው የሚኖረው። ኮሌጁ በቅርቡ ከተመረቁ ልጆች ጋር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ኮከቦች ሳይሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣውን ተራውን ተመራቂ።

ኦዲሽኑንም፣ ለመግባት የምትጫወቱበትን ቀን፣ እንደ ፈተና ብቻ አትዩት። እናንተም እየፈተናችኋቸው ነው። ስትጫወቱ ቀና ብለው ያያሉ ወይስ ወረቀት ያገላብጣሉ? ኮሪደሩ ላይ ነባሮቹ ተማሪዎች ለአዲሱ ሰው የማሟሟቂያ ክፍል ያሳያሉ ወይስ ገላምጠው ያልፋሉ? ካንቲን ገብታችሁ ከተማሪ ጋር ቡና ጠጡ፣ አስተዳደር በሌለበት አውሩ፤ «እንደገና ብትመርጥ እዚህ ትመጣ ነበር?» በሉት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ካመነታ፣ ለምን እንዳመነታ ጠይቁት።

እንግዲህ የኔን ኮሌጅ ለማን እመክረዋለሁ? ፒያኖ ወይም ድምፅ ለሚማር፣ ከሰው ጋር መጫወት ለሚወድ፣ ቤቱ ደህና መሣሪያ ላለው ወይም ማልዶ መነሳት ለማይከብደው ልጅ፣ ያለ ምንም ማቅማማት። ለሳክስፎን፣ ለከበሮና ለስቱዲዮ ሥራ ግን አይሆንም፤ የሚያስተምረው ሰውም አብሮት የሚጫወት ባንድም የለም። እኔን ያስተማሩኝ ሴት አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስለዚህ በእሳቸው ስም ብቻ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ በቦታቸው ከገባው አስተማሪ ጋር የሙከራ ትምህርት ውሰዱ፣ ከዚያ ወስኑ።